ከስም ፊት የምትቆመው «ዘ»

ባለፈው ዓመት ባሕር ዳር ግሽ አባይ ሰፈር ያለችውን ሱቄን ዘግቼ ቁልፏን ሳስረክብ አከራዬ «ጡረታ ወጡ ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ታፔላ ጸሐፊ ምን ጡረታ አለው? የስንብት ደብዳቤ የሚጽፍለት አለቃ የለውም፤ የግድግዳ ሰዓት የሚሸልመው መሥሪያ ቤትም የለውም። እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ወይም ደንበኛው ወደ ማተሚያ ማሽን ፊቱን ሲያዞር በራሱ ጊዜ ይወጣል። እኔ ላይ ሁለቱም ባንድ ጊዜ ስለመጡብኝ ማንን እንደምወቅስ ተቸግሬአለሁ። ዛሬ ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ሻይ ጠጥተህ እስክትጨርስ ታፔላህ ታትሞ ይጠብቅሃል። ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ ፊደሉ አይወላገድም። ክረምትና በጋ ሲፈራረቁበት ግን ይነጣና የሆስፒታል አንሶላ ይመስላል። ይህን የምለው በቅናት ነው፤ በዚህ ዕድሜ ቅናቴን የምደብቅበት ምክንያት የለኝም።

ሥራውን የተማርሁት ከየኔታ አያሌው ነው። ከእኔ በቀር ማንንም አላስተማሩም፤ ከተማው ግን የኔታ ይላቸው ነበር። በልጅነታቸው ዘጌ ቁም ጽሕፈት ተምረው ብራና ላይ ሲጽፉ አድገዋል። በኋላ ብራናውን ትተው ወደ ከተማ ገቡና ላሜራ ላይ መጻፍ ጀመሩ። «ብራናም ላሜራም ቆዳ ነው» ይላሉ፤ «አንዱ የበግ ነው፣ አንዱ የበርሜል።» የሥጋ ቤት ታፔላ ሲጽፉ እንኳ ፊደላቸው የዳዊት ፊደል ነው፤ ወፍሮ ይወርድና ጫፉ ላይ ይቀጥናል። አንድ ቄስ በሥጋ ቤት ደጃፍ ሲያልፉ ታፔላውን አይተው ሊሳለሙ ሲሉ ደርሼባቸዋለሁ ብል አታምኑኝም፤ እኔ ግን አይቻለሁ።

የኔታ ላሜራ የሚያዘጋጁት ሙሽራ እንደሚያዘጋጁ ነበር። የጣና እርጥበት ብረትን አይምርም። ስለዚህ መጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት እንፍቃለን፣ በቤንዚን እንጠርጋለን፣ ከዚያ ፀረ ዝገት ቀለም ደጋግመን እንቀባለን። ሲደርቅ ክር በጠመኔ ዱቄት ታሽቶ ከዳር እስከ ዳር ይወጠራል። መሃሉን ሳብ አድርገው ሲለቁት ጠብ ይልና ቀጥ ያለ ነጭ መስመር ይተዋል። ፊደል የሚቆመው በዚያ መስመር ላይ ነው። ክር ለመወጠር ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱን ጫፍ እሳቸው፣ ሌላውን እኔ እንይዛለን። እኔ ከመቀጠሬ በፊት ማን እንደሚይዝላቸው ብጠይቃቸው «የታፔላው ባለቤት ነዋ» አሉኝ።

አንድ ሌላ ልማድ ነበራቸው። የታፔላውን ሥዕል፣ ጌጡን፣ የሚሸጠውን ዕቃ ሁሉ ጽፈው ጨርሰው የሰው ስም ሲቀር ብሩሹን ያስቀምጣሉ። ባለ ስሙ መጥቶ አጠገባቸው ካልተቀመጠ ስሙን አይጽፉም። ወንበር አቅርበውለት እያወሩት ይጽፋሉ፤ ይወፍርልህ? ይቅጠን? ይሉታል። ለእኔ ይህ ሁሉ ጊዜ መፍጀት ይመስለኝ ነበር።

ከየኔታ ጋር ያልጻፍንበት ቦታ የለም። የጀልባ ስም ጽፈናል። ባለጀልባዎቹ ከውኃ አውጡልን ስንላቸው ሥራ መፍታት ስለማይወዱ ጀልባዋ እየተወዛወዘች፣ እኛም አብረናት እየተወዛወዝን ነበር የምንጽፈው። አንድ ፋብሪካ ውስጥ «ማጨስ ክልክል ነው» የሚለውን በየግድግዳው ስንጽፍ ከርመናል። እዚያ ከሐረር የመጡ አንድ መሐንዲስ በማስመሪያ መለካትን አስተማሩኝ። የኔታ አሽሟጠጡኝ እንጂ ማስመሪያዋን እስከ መጨረሻው አልጣልኋትም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥራ ግን ክፍያው እስኪመጣ ያስረጃል። አንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ከመሥሪያ ቤቱ ስም ሥር የራሳቸው ስም እንዲጻፍ አዘዙ። ቀለሙ ሳይደርቅ ተዛወሩ። ተተኪያቸው አስፍቀው የራሳቸውን አስጻፉ፤ እሳቸውም ተዛወሩ። ያ ላሜራ በመፋቅ ብዛት ሳስቶ በመጨረሻ ተቀደደ።

ወደ እንግሊዝኛው ልምጣ። ባሕር ዳር ላይ ቱሪስት ሲበዛ ነጋዴው ሁሉ ከአማርኛው ሥር እንግሊዝኛ ይጻፍልኝ ማለት ጀመረ። የከበደ ሆቴል ከሆነ «ዘ ከበደስ ሆቴል» ብለን እንጽፋለን። ከስሙ ፊት ዘ፣ ከስሙ ኋላ ኤስ፣ ከኤሷ በፊት ደግሞ ከላይ የምትንጠለጠል ጭረት አለች፤ እሷን የኔታ ጉትቻ ይሏታል። ዘን ማን እንዳመጣው አላውቅም። አንድ ትልቅ ሆቴል ላይ ታየ፣ ከዚያ ሁሉም ፈለገው። የኔታ ደግሞ በጣም ወደዱት። በግዕዝ ዘ ማለት «የ» ማለት ነውና ፈረንጁም ከእኛ የወሰደው መስሏቸው ነበር። «አየህ፣ ያሬድ ዘአክሱም እንደምንለው ነው» ብለው ያስረዱኝ ነበር፤ እኔም እንደ ዶግማ ተቀበልሁ። ዘ የሌለው ታፔላ ቆብ እንደሌለው መነኩሴ ይታየን ጀመር።

አንድ ቀን ፔዳ ኮሌጅ የሚያስተምር የእንግሊዝኛ መምህር ከሱቃችን ጎን ሻይ እየጠጣ ታፔላዎቻችንን ሲያነብ ቆየና መጣ። ትሑት ሰው ነው። አይከፋችሁ እንጂ ብሎ ጀመረና የሰው ስም ራሱን የቻለ ስለሆነ ከፊቱ ዘ እንደማያስፈልገው፣ የማን እንደሆነ ኤሷ ከነጉትቻዋ ነግራ እንደጨረሰች አስረዳን። የዓሣ አጥማጁ ቤት ቢባል ኖሮ ዘ ይገባ ነበር፤ አጥማጅ ብዙ ነውና። ከበደ ግን ከበደ ነው። የኔታ በጥሞና አዳምጠው አመሰገኑት። ሰውዬው ሲሄድ «ልክ ሳይሆን አይቀርም» አሉኝ፤ «ግን ዘን ብናስቀር ደንበኛው የጎደለበት መስሎት ዋጋ ቀንሱ ይለናል።» ቀለም መበጥበጣቸውን ቀጠሉ። እኔ ግን የመምህሩ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።

ራህመትን ያወቅኋት በዚያ ሰሞን ነው። እኩያዬ ናት፤ ያኔ ሁለታችንም ጎልማሶች ነበርን። አገሯ ወረታ ነው፤ ባሏ ሰይድ እዚሁ ግሽ አባይ ከወንድሞቹ ጋር በተርታ የጨርቅ ሱቆች ነበሩት። ሰይድ ሲሞት ታላቅ ወንድሙ ሐጅ ኑሩ፣ ራህመት ከትንሿ ልጇ ጋር ቤት ትቀመጥ፣ የሚያስፈልጋትን እኛ እንሰጣለን አሉ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እንደዚያ ነው የሚያውቁት። ራህመት ግን ባሏ በሕይወት እያለም ሱቁን የምትይዘው እሷ ነበረችና አልቀመጥም አለች። ሽማግሌ ተቀመጠ። ድርሻዋ ተለይቶ ከተርታው ጫፍ ያለችው ጠባቧ ሱቅ ተሰጠቻት።

ሱቅ ማግኘቱ ብቻውን አልበቃም። የጨርቅ አከፋፋዮቹ ከሐጅ ኑሩ ጋር የኖሩ ናቸው። ሱቋ የራሷ መሆኑ በገበያው ካልታወቀ ዕቃውን የሚያወርዱት ለሐጅ ነው፣ እሷ ደግሞ ከሐጅ እጅ እየተቀበለች የምትሸጥ ሠራተኛ ትሆናለች። ሐጅም ወደ ሱቋ ሲመጡ ሰላም ብለው በቀጥታ ባንኮኒውን አልፈው ይገቡና መደርደሪያውን ይነካኩ ነበር። ስለዚህ ራህመት ከአርብ ስግደት በኋላ የሱቁን መከፈት ልታሳውቅ ሰው ጠራች። አከፋፋዮቹን፣ ሽማግሌዎቹን፣ የባሏን ወንድሞች ሁሉ ጠራች። ታፔላውን እኛ ጋ አዘዘች።

የኔታ ግን በዚያ ሳምንት ጉልበታቸውን አሟቸው ወደ ወንዛዬ ፍል ውኃ ሄደው ነበር። ሥራውን ብቻዬን ያዝሁ፤ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ችግሩ የሱቋ በር ጠባብ በመሆኑ ላሜራውም አጭር መሆኑ ነው። ዘን ከጨመርሁ የስሟ ፊደላት ተጨናንቀው ይቀጥናሉ፤ ከተውሁት ግን ጥሩ አድርገው ይንሰራፋሉ። መምህሩን ጠርቼ አማከርሁት፤ እንደዚህ ነው ትክክሉ ብሎ አበረታታኝ። ራህመት ዘመድ ልትጠራ ወረታ ሄዳ ነበር። አልጠበቅኋትም። «ራህመትስ ጨርቃ ጨርቅ» ብዬ ከአማርኛው ሥር በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ፊደል ጽፌ አላውቅም ነበር። አርብ ጠዋት ሰቀልሁትና ምስጋናዬን ልቀበል ሱቁ ፊት ቆምሁ።

ሰዉ ከመስጊድ መጣ። ራህመት ቀና ብላ አየችው። እንግሊዝኛ አታነብም፤ ነገር ግን ከተርታው ያሉት የሐጅና የወንድሞቻቸው ታፔላዎች በሙሉ በምን እንደሚጀምሩ ዓይኗ ያውቃል። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። ሐጅ ኑሩም ቀና ብለው አዩ፤ ከዚያ ፈገግ ብለው ወደ አንዱ አከፋፋይ ዞሩና «ይኼኛው የኛው ቅርንጫፍ ነው መሰል፤ ዘ የለውም» አሉ። ለጨዋታ ነበር። ሰውዬው ሳቀ፣ ሌላውም ሳቀ። እኔ ደግሞ ጥበቤን ላሳይ ብዬ የመምህሩን ትምህርት ከሀ እስከ ፐ ተረከሁላቸው። ሰው ሲስቅባት ስለ ሰዋስው የሚሰብክ ሞኝ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ራህመት ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ወደ እኔ ቀረበች።

«እንግሊዝኛው ልክ ይሁን አይሁን እኔ አላውቅም» አለችኝ፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «እዚህ ሰፈር ባለቤት ያለው ቤት ሁሉ በዚያ ይጀምራል። የእኔ ብቻ ለምን ጎደለ? አውርደው።»

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መሰላል አቁሜ አወረድሁት። አከፋፋዮቹ ሻይ ጠጥተው ተነሡ፤ አንዳቸውም ከእሷ ጋር ስለ ዕቃ አልተነጋገሩም። ወጥተው ከሐጅ ጋር ነው የሄዱት። ያን ቀን ብሩሼን ጣና ውስጥ ልጥለው አስቤ ነበር።

በማግስቱ ወንዛዬ ሄድሁ። የኔታ ሱሪያቸውን ሰብስበው እግራቸውን ፍል ውኃው ውስጥ ነክረው አገኘኋቸው። ነገሩን አንድ በአንድ ነገርኋቸው። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

«ስሟን ስትጽፍ የት ነበረች?» አሉኝ።

«ወረታ።»

«ታዲያ ለማን አሳየኸው?»

«ለመምህሩ።»

ውኃው እስኪረጭ ድረስ ሳቁ። «መምህሩ አቡጀዲ ሊገዛ ነው?» አሉና እግራቸውን አውጥተው መጠራረግ ጀመሩ። ሕክምናዎን ይጨርሱ እንጂ ብላቸው ጉልበታቸው እንደሆነ ተመልሶ እንደሚያማቸው፣ የሴትዮዋ ገበያ ግን ካመለጠ እንደማይመለስ ነገሩኝ። እያነከሱ አብረውኝ መጡ።

ባሕር ዳር ስንደርስ ላሜራውን ወደ ሱቃችን እንወስዳለን ብዬ ነበር። የኔታ አይሆንም አሉ። ራህመት ሱቅ ደጃፍ፣ መንገዱ ላይ፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር አስቀርበው ላሜራውን አጋደሙት። ያን ያማረ ፊደሌን እኔው ራሴ ፈቅሁት። ከሥር ቀብተን እስኪደርቅ ድረስ የኔታ በየቀኑ እየመጡ ሱቋ በር ላይ ተቀምጠው ከአላፊ አግዳሚው ጋር ሲጫወቱ ይውላሉ። ምን እየሠሩ ነው የሚላቸው ሁሉ «የራህመትን ቤት ታፔላ» የሚል መልስ ያገኛል። ላሜራው ደርቆም ቢሆን አልቸኮሉም። ሐጅ ኑሩ በቦታው ያልነበሩበትን ቀን ሁሉ በሰበብ አሳለፉት። እኔ ጉልበታቸው ብሶባቸው ይመስለኝ ነበር።

ሐጅ የመጡ ዕለት ራህመትን ከሱቋ አስጠርተው ከላሜራው ራስጌ ወንበር ላይ አስቀመጧት። ክሩን በጠመኔ አሹ። እኔ እንደልማዴ ጫፉን ልይዝ እጄን ስዘረጋ በክርናቸው ገፋ አደረጉኝ።

«ሐጅ፣ እስቲ ይችን ክር ያዙልኝ» አሉ።

ሐጅ ኑሩ ዙሪያቸውን ቃኙ። ጎረቤቱ ሁሉ ቆሟል። በዕድሜ የሚበልጧቸው፣ ያውም የሚያነክሱ ሰው በአደባባይ ሲለምኗቸው እንቢ ማለት ነውር ነው። ጎንበስ ብለው የክሩን ጫፍ ያዙ።

«ጠበቅ ያድርጉት» አሉ የኔታ። «ከላላ ስሟ ይጣመማል።»

ሐጅ ጠበቅ አደረጉት። የኔታ ሳብ አድርገው ለቀቁት፤ ጠብ አለ። አንዱ መስመር ለአማርኛው፣ አንዱ ለእንግሊዝኛው፣ ከእንግሊዝኛው በላይ ደግሞ አንድ አጭር መስመር ተሰመረ፤ ለሁሉም ክሩን የያዙት ሐጅ ናቸው። አጭሯ መስመር ለዘ ነበረች። እኔ ላሜራው ጠበበኝ ብዬ የተጨነቅሁበትን፣ የኔታ ብራና ላይ እንደለመዱት ዘን ነጥለው ከስሟ በላይ በቀይ ቀለም አስቀመጡት። ስሟ ከሥሩ እንደ ልቡ ተንሰራፋ። በእያንዳንዱ ፊደል ላይ ራህመትን ይወፍርልሽ? እያሉ ጠየቋት፤ መጀመሪያ አፍራ ነበር፣ በኋላ ግን ይወፍር፣ ይበቃዋል ማለት ጀመረች። ሐጅም ትተው አልሄዱም። እጃቸው በጠመኔ ነጥቶ እስከ መጨረሻው ቆመው አዩ።

ሲያልቅ ራህመት በጆግ ውኃ አምጥታ አስታጠበቻቸው። ሐጅ እጃቸውን እያራገፉ ታፔላውን አዩና «አላህ ቤትሽን ይባርክልሽ» አሏት። ቤትሽን አሉ። ከዚያ በፊት የሰይድ ሱቅ ወይም የኛ ሱቅ እንጂ ሌላ ስም ጠርተውለት አያውቁም ነበር። ራህመት አሚን ብላ ፊቷን አዞረች።

ከዚያ ወዲያ ሐጅ ወደ ሱቋ ሲመጡ ከባንኮኒው ወዲህ ይቆማሉ። ጨርቅ ቢያምራቸው እንኳ እስክታወርድላቸው ይጠብቃሉ። ይህን ያዩት አከፋፋዮች ሳይውሉ ሳያድሩ ዕቃቸውን በራህመት ስም ማውረድ ጀመሩ። እኔም የሰው ስም ባለቤቱ ሳይኖር የጻፍሁት ያ የመጨረሻዬ ሆነ። የኔታ ካረፉ ቆይተዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር። ብዙ ሰው ቀለም ቀቢ ነበሩ ይላቸዋል። እኔ በጣም እወዳቸው ነበር፤ ዛሬም ጉዳይ ሲጠምምብኝ ወንዛዬ ያሉ ይመስለኛል።

አምና ያ የሱቅ ተርታ ለመንገድ ማስፊያ ተነሣ። ከመነሣቱ በፊት ወጣቶች እየመጡ የራህመትን ታፔላ በስልካቸው ፎቶ ያነሡት ነበር። ከላይ የተቀመጠችውን ቀይ ዘ ለጓደኞቻቸው እያሳዩ ይስቃሉ። እንግሊዝኛ የሚያውቅ ትውልድ ነው፤ መሳቃቸው አያስቀይምም እላለሁ፣ ግን ባጠገባቸው ሳልፍ ቅር ይለኝ ነበር። ራህመት አዲስ ሱቅ ፔዳ አካባቢ አገኘች። ሰይድ ሲሞት ትንሽ የነበረችው ልጇ ሰሚራ ዛሬ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናት። አዲሱን ታፔላ በማሽን ሊያሳትሙ ሲሄዱ አንተ ሳታየው አይሰቀልም ብለው እኔንም ይዘውኝ ሄዱ።

ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ለራህመት ወንበር ተሰጣት። ሰሚራ ለባለማሽኑ የድሮውን ታፔላ ፎቶ ሰጠችውና እንደዚሁ አድርገህ ሥራልን አለችው። ሰውዬው በኮምፒዩተሩ ላይ አስቀመጠው፤ አየው፣ እንደገና አየው።

«ማዘር፣ ይቅርታ» አለ። «ይቺ ዘ ከሰው ስም ፊት አትገባም። ላውጣት?»

«እናውቃለን» አለችው ሰሚራ ቶሎ ብላ። «እንዳለ ይሁን።»

እኔም ደገፍኋት። የየኔታ እጅ ባይኖርባትም የየኔታ ናት። ሰውዬው ትከሻውን ነቅንቆ ሊቀጥል ሲል ራህመት ከወንበሯ ተነሥታ ወደ ኮምፒዩተሩ ቀረበች።

«አውጣት» አለችው።

«እማ!» አለች ሰሚራ። «ስንት የሆንሽባት እኮ ናት።»

«አውቃለሁ። ትርፍ መሆኗንም አውቃለሁ፤ ተማሪ ሳለሽ አንቺው ነግረሽኛል።» ዓይኗን ከስሟ ላይ አላነሣችም። «ያኔ ስሜ ብቻውን ከቤት ወጥቶ አያውቅም ነበር። የሰይድ ሚስት፣ የሰሚራ እናት ነበርሁ። አጃቢ ፈለግሁለት። አሁን ገበያው ያውቀዋል፤ ብቻውን ይሂድ።»

ሰሚራ የእናቷን ክንድ ያዘች። እኔ እንባዬ መጣና ወደ በሩ ዞርሁ፤ ግን ማየት ስለነበረብኝ ተመለስሁ። ባለማሽኑ አንዲት ቁልፍ ነካ። ዘ ከስክሪኑ ጠፋች፤ የራህመት ስም ሰፋ ብሎ መሃል ላይ ቆመ።